ማክ ላይ አልላክም ያለው ፓኬት

የሚቸገር ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ደሴ ሆኜ በሲ የጻፍኳት ትንሽዬ ፕሮግራም አለች፣ ሮው ሶኬት (ፓኬቱን ራስህ ሠርተህ የምትልክበት በር) ከፍታ የአይፒ ሄደሩን (ፓኬቱ ፊት ላይ ያለውን የአድራሻና የርዝመት መረጃ) ራሷ እየሞላች ፒንግ የምትልክ፣ ሊኑክስ ላይ ምንም አትልም፣ ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬ ግን ማኩ ላይ ሲያስነሳት ሴንድቱ (የመላኪያው ፋንክሽን) ጋ ስትደርስ "ኢንቫሊድ አርጊውመንት" (የሰጠኸኝ ነገር ልክ አይደለም) ብላ ቀጥ። የአስተዳዳሪ ፈቃድ (ሱዶ፣ ሩት) ጎድሏት ነው አልን፣ ግን የፈቃድ ችግር ቢሆን ኤረሩ ሌላ ነበር። ቲሲፒደምፕ (የሚወጣ የሚገባውን ፓኬት የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተን ብናይ ጭራሽ ከማሽኑ የወጣ ነገር የለም፣ ስለዚህ ኔትወርኩን ተወው አልኩት፣ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ነው የሚመልሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓኬቱ ርዝመት 28 ባይት ነው፣ 20 ሄደር 8 አይሲኤምፒ (የፒንጉ መልእክት)። ፕሮግራሟ ይህን በኤችቶንስ (ቁጥሩን ወደ ኔትወርክ የባይት ቅደም ተከተል በሚቀይረው ፋንክሽን) ገልብጣ ነው የምትጽፈው፣ ማክ ግን ርዝመቱንና የፍራግመንት ኦፍሴቱን (ፓኬት ሲቆራረጥ የቁራጩን ቦታ የሚናገረውን ፊልድ) በማሽኑ በራሱ የባይት ቅደም ተከተል ነው የሚጠብቀው፣ እና 28ቱን 7168 ብሎ ያነበዋል፣ ከሰጠኸው ዳታ ስለሚበልጥ ይጥለዋል። ሊኑክስ ርዝመቱንና ቼክሰሙን (የስህተት መፈተሻ ቁጥሩን) ሁሌም ራሱ ስለሚሞላው የፈለከውን ብትጽፍ አይሰማህም (ደግነት ነው ወይስ ማዘናጋት እንጃ)። ፍሪቢኤስዲም (ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) ከ11.0 በፊት እንደ ማክ ነበር።

ስለዚህ በኢፍዴፍ (ኮዱን እንደ ሲስተሙ የሚለይ የሲ ትእዛዝ) ለማክ ብቻ ከሁለቱ ፊልዶች ላይ ኤችቶንሱን አነሳሁት፣ ሌሎቹን አልነካሁም፣ ወዲያው ሄደ። መልሱን ስታነብም ተጠንቀቅ፣ ማክ የሄደሩን 20 ቀንሶ ነው ርዝመቱን የሚሰጥህ፣ 28 ስትጠብቅ 8 ታያለህ፣ ዳታ አልጠፋም።