ቀጣዩ ክላሲክ ዲስክ የትኛው ነው? ሳይታወጅ በፊት መገመቻ ዘዴ

የድሮ ፊልም በዲስክ የምንሰበስብ ሰዎች አንድ የጋራ በሽታ አለብን። ኩባንያው ገና ትንፍሽ ሳይል እኛ «ይሄ ፊልም በቅርቡ ይወጣል» እንላለን። አንዳንዴ እንመታለን፣ ብዙ ጊዜ እንስታለን። የምንስተው ግን ዕድል ስለሌለን አይደለም። የምንመኘውን ፊልም ገመትነው ብለን ስለምናስብ ነው። እኔ ራሴ የአንድ ፊልም ስም እየጠራሁ «ዘንድሮ ነው፣ ዘንድሮ ነው» ስል ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም አልወጣም።

ስለዚህ ፊልሙን መውደዳችሁን ለጊዜው እርሱት። አንድ የድሮ ፊልም ዲስክ ላይ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይነካዋል። መብቱን የያዘ ሰው መፍቀድ አለበት፣ ደህና ኔጋቲቭ ወይም ኮፒ መገኘት አለበት፣ ዕድሳቱ ማለቅ አለበት፣ የሚያሳትመው ኩባንያም አለ። ሁሉም ዱካ ይተዋሉ። መገመት ማለት ያንን ዱካ ማየት ነው። (ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ባለቤቱን እወቁ

ፊልሙ ሲጀምር የምታዩት አርማ ሊሸውዳችሁ ይችላል። «ደብል ኢንደምኒቲ»ን እንይ። በ1944 የወጣ የፓራማውንት ፊልም ነው። ሰው ሁሉ ፓራማውንትን ይጠብቃል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ በ1958 ኤምሲኤ የሚባል ኩባንያ ከ1950 በፊት የተሠሩ 700 ገደማ የፓራማውንት ድምፃዊ ፊልሞችን ገዛ፣ ከዚያ ኤምሲኤ ዩኒቨርሳልን ጠቀለለው፣ ፊልሞቹም እዚያው ቀሩ። ክራይቴሪየን የሚባለው የክላሲክ ፊልም ዲስክ አሳታሚ በ2022 ይህን ፊልም በ4ኬ (ከዲስክ ዓይነቶች የምስል ጥራቱ የሚበልጠው) ሲያወጣ የፓራማውንትን ዜና ሲከታተል የቆየ ሰው አልጠበቀውም። የዩኒቨርሳልን መጋዘን የሚያውቅ ግን አልደነቀውም።

የሚያገሳው አንበሳም፣ የኤምጂኤም ስቱዲዮ አርማ፣ ያው ነው። አማዞን በ2022 ኤምጂኤምን ሲገዛ «እነዚያ የድሮ ሙዚቃዊ ፊልሞች አማዞን እጅ ገቡ» ያለው ሰው ብዙ ነበር። አልገቡም። ቴድ ተርነር በ1986 ስቱዲዮውን ገዝቶ መልሶ ሲሸጠው የድሮ ፊልሞቹን ክምችት ለራሱ አስቀርቷል። ያ ክምችት ዞሮ ዞሮ ዋርነር ዘንድ ነው ያለው።

ይሄ ምን ይጠቅማል? ባለቤቶቹ ጠባያቸው አይመሳሰልም። ዋርነር የራሱን ዕቃ በአብዛኛው ራሱ ያወጣል፣ ከ2009 ጀምሮም ዋርነር አርካይቭ የሚባል ክፍል አለው፣ ያልታሰበ ፊልም ከዚያ ብቅ ይላል። ዩኒቨርሳልና ፓራማውንት ደግሞ እንደ ኪኖ ሎርበር ላሉ አነስተኛ ኩባንያዎች በፈቃድ ይሰጣሉ። ስለዚህ የዋርነርን ፊልም «ኪኖ ያወጣዋል» ብሎ መገመት ገና ከጅምሩ መሳት ነው።

ፈቃድ ደግሞ ጊዜ አለው። ክራይቴሪየን በ2010 ስቱዲዮካናል የሚባለውን የፈረንሳይ ኩባንያ ፊልሞች መብት አጥቶ ብዙ ዲስኮች ከገበያ ወጥተውበታል። ያኔ የተበሳጨ ሰብሳቢ ብዙ ነው። ለገማች ግን ጥሩ ትምህርት ነበር። አንድ ዲስክ ድንገት «ከሕትመት ወጥቷል» ከተባለ ወይ መብቱ ወደ ሌላ እየሄደ ነው፣ ወይ ያው ኩባንያ የተሻለ እትም እያዘጋጀ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጎረቤቱን እዩ። የዚያው ባለቤት ሌሎች ፊልሞችም አብረው ከጠፉ የመብት ጉዳይ ነው። አንዱ ብቻ ከጠፋ ተስፋ አድርጉ።

ዕድሳቱ የት ታየ?

ከሁሉም ምልክት ይሄ ይበልጥብኛል። 4ኬ ስካንና ዕድሳት ገንዘብ ይበላል፣ ያንን ያወጣ ሰው ሥራውን ደብቆ አያስቀምጥም። መጀመሪያ ፌስቲቫል ላይ ያሳያል። ስለዚህ የምትከታተሏቸው ጥቂት ቦታዎች ናቸው። ሜይ ላይ ካን ፌስቲቫል ውስጥ ካን ክላሲክስ የሚባለው ክፍል አለ። ጁን መጨረሻ ላይ ጣልያን ቦሎኛ ውስጥ ኢል ቺኔማ ሪትሮቫቶ አለ፣ ይሄ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ዓመት በዓል ነው። ከዚያ ቬኒስ፣ ኦክቶበር ላይ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን። አሜሪካ ውስጥ የድሮ ፊልም የሚያሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ ቲሲኤም አብዛኛውን ጊዜ በጸደይ የሚያደርገው የክላሲክ ፊልም ፌስቲቫል አለ። ፕሮግራማቸው ሲወጣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። የፊልሙን ስም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈውን፦ ማን አደሰው፣ በየትኛው ላቦራቶሪ፣ ከምን ተነሥቶ፣ ማን ገንዘብ ሰጠ። ዱካው ያለው እዚያ ነው።

አንዱን በቅርብ እንየው። «ሰቨን ሳሙራይ»፣ የአኪራ ኩሮሳዋ፣ 1954። 2024 70ኛ ዓመቱ ነበር። የጃፓኑ ስቱዲዮ ቶሆ በ4ኬ አደሰውና ሜይ ላይ ካን ክላሲክስ ታየ። ጁላይ ላይ ጃነስ ፊልምስ የሚባለው አከፋፋይ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች አስገባው። ጃነስና ክራይቴሪየን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ጃነስ ሲኒማ ቤት ያስገባው ክራይቴሪየን ዲስክ ላይ ያርፋል። ኖቬምበር ላይ የ4ኬ ዲስኩ ወጣ። ከካን እስከ መደርደሪያ ስድስት ወር መሆኑ ነው። ጁላይ ላይ የሲኒማ ቤቱን ፖስተር አይቶ «ከገና በፊት ይወጣል» ያለ ሰው ጠንቋይ አይደለም፣ ፖስተሩ ላይ ጃነስ የሚለውን ስም ያነበበ ሰው ነው። እኔ በዚያው ሰሞን የድሮውን ብሉ ሬይ (ከ4ኬ በጥራት ዝቅ የሚለውን ዲስክ) በቅናሽ አገኘሁ ብዬ ገዛሁ። አዎ፣ ሁለቴ ገዝቼዋለሁ። አትሳቁ።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ከዚህም ይፈጥናሉ። «ሪዮ ብራቮ» ኤፕሪል 2023 ቲሲኤም ፌስቲቫል ላይ በአዲስ ዕድሳት ታየ፣ ኦገስት ላይ በ4ኬ ወጣ። አራት ወር። ዲስኩ ዝግጁ ሊሆን ሲል ነው ለፌስቲቫል የሚሰጡት ማለት ነው።

«ጠፍቶ የነበረ ክፍል ተገኘ» የሚለውን ዜና ግን አትቸኩሉበት። ድምፅ አልባው የጀርመን ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በ1927 ከታየ በኋላ ተቆራርጦ ሩብ ያህሉ ጠፍቶ ነበር። በ2008 ቦነስ አይረስ ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ለሙሉ የሚጠጋ የ16 ሚሊሜትር ኮፒ ተገኘ። በጣም የተጫጫረ ነበር። ዕድሳቱ በርሊን የታየው ፌብሩዋሪ 2010 ነው፣ ዲስኩ የወጣው ኖቬምበር 2010። ከዜናው እስከ ዲስኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ «በሚቀጥለው ወር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁሌም አይጠፋም።

የክራይቴሪየን ሥዕልና የወር አጋማሽ

ክራይቴሪየን ልማድ አለው። ወር በገባ በ15ኛው ቀን አካባቢ ከሦስት ወር በኋላ የሚያወጣቸውን ያስታውቃል። ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ የኤፕሪሉን ታውቃላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ «ማርች ላይ ይወጣል» ብላችሁ ዲሴምበር አጋማሽ ካለፈና ስሙ ካልተጠራ፣ በቃ፣ ማርችን ሰርዙ። ብዙ ክርክር በዚህ አንድ ሒሳብ ያልቃል።

በአዲስ ዓመት መግቢያ ደግሞ አንድ ካርቱን ይልካሉ። በዓመቱ የሚመጡ ፊልሞች በሥዕል ተደብቀው ያሉበት ነው። የሰምና ወርቅ ጨዋታ በሉት። ሥዕሉ ሰሙ ነው፣ ወርቁ በእንግሊዝኛ የቃል ጨዋታ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የምታዩትን ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ስሙ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ከተሳሉ አንድ ላይ አንብቧቸው። ከዚያ ያገኛችሁትን ከባለቤቱና ከፌስቲቫሉ ዱካ ጋር አገናኙ። ሥዕሉ ብቻውን ያሳስታል፤ አንድ ዶሮ አይቶ አሥር ፊልም የሚያወጣ ሰው አለ። አምና እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ።

የእንግሊዞቹ መዝገብና የደቂቃው ሒሳብ

ይሄኛውን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። እንግሊዝ ውስጥ በ1984 በወጣው የቪዲዮ ሕግ መሠረት ለገበያ የሚቀርብ ፊልም በአብዛኛው ቢቢኤፍሲ የሚባለው አካል የዕድሜ ደረጃ ሊሰጠው ይገባል። ውሳኔው ለሕዝብ ክፍት ነው። ኩባንያው ዲስኩን ከማወጁ በፊት የፊልሙ ስም እዚያ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ።

ስሙን ካገኛችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ለሲኒማ ነው ወይስ ለቤት? ለሲኒማ ከሆነ ዲስክ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ርዝመቱ። የድሮ የአውሮፓ ዲቪዲ ፊልሙን በሴኮንድ 25 ፍሬም ያጫውተዋል፣ ፊልሙ የተቀረፀው ግን በ24 ነው። ስለዚህ አራት በመቶ ያህል ያጥራል። 120 ደቂቃ የሆነ ፊልም 115 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይሆናል። የድሮው ምዝገባ 115 ደቂቃ ካለና አዲሱ 120 ካለ ትርፍ ትዕይንት ተገኘ ብላችሁ አትጨፍሩ፤ ፊልሙ በትክክለኛ ፍጥነቱ መጣ ማለት ነው፣ ያም ብሉ ሬይ ወይም 4ኬ ይሸታል። ልዩነቱ ከአራት በመቶ ጋር ካልገጠመ ግን ሌላ ቅጂ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ልብ መምታት ይጀምራል።

መዝገቡ ላይ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም።

የሚያሳስቱ ነገሮች

የልደት ዓመት አንዱ ነው። «ካዛብላንካ» በ80ኛ ዓመቱ፣ በ2022፣ በ4ኬ ወጥቷል፣ እውነት ነው። ግን በየዓመቱ 50ኛና 75ኛ ዓመታቸውን ዝም ብለው የሚያልፉ ፊልሞች ስፍር ቁጥር የላቸውም። የልደት ዓመት ሌላ ምልክት ካለ ያጠናክራል፣ ብቻውን ምንም አይደለም።

የኮፒራይት ማብቃትም እንደዚያው። አሜሪካ ውስጥ የ1930 ፊልሞች 95 ዓመታቸውን ጨርሰው ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል። ክፍት ሆነ ማለት ግን ጥሩ ኔጋቲቩ እጃችሁ ገባ ማለት አይደለም። የሚመጣው መጀመሪያ የደበዘዘ ርካሽ ኮፒ ነው።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን የሱቅ ዝርዝር ነው። አንድ የኦንላይን ሱቅ አንድ ብርቅ ፊልም ከነዋጋው፣ ከነቀኑ አስቀምጦ አየሁ። ቀኑ ዲሴምበር 31 ነበር። ቅድሚያ ከፈልኩ፣ ለሚያውቀኝ ሁሉ አወራሁ። ከወራት በኋላ ትዕዛዙ በአንዲት መስመር መልእክት ተሰረዘ። ዲሴምበር 31 ማለት «ቀኑን አናውቅም፣ ባዶውን ቦታ ሞላነው» ማለት መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት። የሽፋን ሥዕል የሌለውና ቀኑ የዓመቱ መጨረሻ የሆነ ዝርዝር ካያችሁ እለፉት።

ግምታችሁን ጻፉት

ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል። ፊልሙን፣ ባለቤቱን፣ ያያችሁትን ምልክት፣ ያወጣዋል የምትሉትን ኩባንያ፣ እስከ መቼ እንደሆነና ስንት በመቶ እንደምታምኑበት ጻፉ። «አንድ ቀን ይወጣል» ግምት አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ 80 በመቶ ያላችኋቸውን ቁጠሩ። ከአሥሩ አራት ብቻ ከወጡ ጉራ አብዝታችኋል ማለት ነው። የኔ የመጀመሪያ ዓመት ቁጥር ከዚህም ይብስ ነበር፣ አልነግራችሁም።

ለመግዛትም ይረዳል። አንድ ፊልም በአዲስ ዕድሳት ፌስቲቫል ላይ ከታየና የአገራችሁን ገበያ የሚሸፍነው ኩባንያ ከታወቀ የድሮውን ዲስክ አትግዙ፣ ዓመት ጠብቁ። ምንም ዱካ ከሌለው ደግሞ ያለውን ግዙና እዩት። እና ከመግዛታችሁ በፊት የዞን ኮዱን፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ፣ ተመልከቱ። ብሉ ሬይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ ሊቆለፍ ይችላል፣ የ4ኬ ዲስክ ግን የዞን ቁልፍ የለበትም፣ በየትኛውም የ4ኬ ማጫወቻ ይሠራል። አብሮ የሚታሸገው ብሉ ሬይ ግን ሊቆለፍ ይችላል፣ ተጨማሪ ቃለ ምልልሶቹም ብዙ ጊዜ ያሉት እዚያኛው ላይ ነው።