ቂጡ የጠቆረ ቲማቲም እና ሌሎች የጓሮ ጣጣዎች

ነባር የቲማቲም ዝርያ መትከል ያዋጣል። ጣዕሙ አለ፣ ለከርሞ የሚቀመጥ ዘርም ይሰጣል። ማርግሎብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጓሮ ላይ የሚያጋጥመው አብዛኛው ጣጣ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከውሃ አሰጣጥ የሚመጣ ነው።

ችግኙ ቀጥኖ ተመዘዘ
ብርሃን አንሶታል። ፀሐይ ወዳለበት አውጡት። የተመዘዘውን አትጣሉት፤ ስታዛውሩት ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሩት። የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል።

ችግኙ አፈሩ ላይ በስብሶ ወደቀ
ሻጋታ ነው፤ እርጥበት በዝቷል። የወደቀው አይነሳም። ለተረፉት ውሃ ቀንሱ፣ አራርቋቸው። በሚቀጥለው ዙር አዲስ አፈርና ታቹ የተበሳ ዕቃ ተጠቀሙ።

አበባው ይረግፋል
ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ወይም ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል። አዲስ አበባ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥን የሌሊት ብርድ ጠርጥሩ። ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር ትከሉ፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ቅጠሉ ተንዠርግጎ አበባ ከጠፋ ግን ዩሪያ በዝቷል ማለት ነው። አቁሙት።

ቂጡ ጠቆረ
ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። ፍሬውን ገልብጣችሁ እዩት። መጀመሪያ አበባው በነበረበት ጫፍ ላይ ውሃ የነካት የምትመስል ነጥብ ትወጣለች። ቀስ በቀስ ትሰፋለች፣ ትጠቁራለች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ሰምጣ እንደ ቆዳ ትደርቃለች። ተላላፊ በሽታ አይደለም። መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ፍሬው ያጣው ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም የሚጓዘው ደግሞ ከውሃ ጋር ነው። ሰንብተን አድርቀነው በአንድ ቀን ስናጥለቀልቀው፣ አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ቢሞላም ፍሬው ጋ በቅጡ አይደርስም።

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ ሥሩ ድረስ እስኪዘልቅ አጠጡ። ከዚያ 5 ሳንቲሜትር ያህል ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዙበት። የእንቁላል ቅርፊት የሚመክሩ አሉ። ቅርፊቱ እስኪፈርስ ወራት ይፈጃል፤ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም። የጠቆሩትን ልቀሙና ውሃውን አስተካክሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፍሬ ብዙውን ጊዜ ደህና ይሆናል።

ፍሬው ተሰነጠቀ
ይህም የውሃ ነገር ነው። ከድርቅ በኋላ ድንገት ዝናብ ሲጥል ውስጡ ያብጣል፣ ስሱ ቆዳ ግን አይችለውም። ዝናብ ሲያንዣብብ መቅላት የጀመረውን ለቅማችሁ ቤት ውስጥ አብስሉት። ፍሪጅ አታስገቡት፣ ጣዕሙ ይሞታል።

ክረምት ላይ ቅጠሉ ጠቁሮ ረገፈ
የእርጥበት በሽታ ነው፣ ድንችንም ያጠቃል። የታመመውን ነቅላችሁ ከጓሮ አርቁ። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ፤ ከድንች አጠገብም አትትከሉ።

የበቀለው እናቱን አልመሰለም
ዘሩ ከዲቃላ ሳይሆን አይቀርም። ከገበያ ቲማቲም ዘር ሲወሰድ ይህ ያጋጥማል። ከጤነኛ ነባር ተክል በደንብ የበሰለ ፍሬ ምረጡ። ዘሩን ከነልጋጉ በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ልጋጉ ሲለቅ ጥሩው ዘር ይዘቅጣል። እጠቡና ሳህን ላይ፣ በጥላ አድርቁት። ወረቀት ላይ ከሆነ ይጣበቃል።