በሰው ፋብሪካ ስትሠራ፦ ለኮንትራክተር ሠራተኛ የደህንነት ሀ ሁ

ሙያህን ታውቀዋለህ። ብየዳም ይሁን ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧም ይሁን ቀለም፣ እጅህ ለምዶታል። የምትገባበትን ፋብሪካ ግን አታውቀውም። ከግድግዳው ወዲያ ምን እንዳለ፣ የትኛው ቧንቧ ምን እንደተሸከመ፣ ያ ደወል ሲጮህ ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቁት ቋሚ ሠራተኞቹ ናቸው። ኮንትራክተርን አብዛኛውን ጊዜ ጉድ የሚሠራው ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 አሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ውስጥ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ ፈነዳ። 15 ሰዎች ሞቱ። 15ቱም የኮንትራክተር ሠራተኞች ነበሩ። ለሌላ ክፍል ጥገና ተብለው የመጡ፣ ከፈነዳው ክፍል ጋር ምንም ሥራ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ቢሮ ተብለው የቆሙት ተንቀሳቃሽ ቤቶች ለዚያ ክፍል ቅርብ ነበሩ፣ ክፍሉ በዚያን ቀን ከጥገና በኋላ እየተነሳ ነበር፣ ይህንንም ማንም አልነገራቸውም። የራሳቸውን ሥራ በትክክል ቢሠሩም ባይሠሩም ለውጥ አልነበረውም። ስለዚህ ሄልሜትና ጫማ ከማለታችን በፊት ከጥያቄ እንጀምር።

መጀመሪያ ቀን

በር ላይ የሚሰጠውን የደህንነት ገለጻ አብዛኛው ሰው እያዛጋ ነው የሚያሳልፈው። ቪዲዮ ይታያል፣ ይፈረማል፣ ባጅ ይንጠለጠላል፣ አለቀ። አንተ ለወግ ያህል ፈርመህ አትውጣ። ደወሉ ስንት ዓይነት ነው? የእሳቱና የጋዙ ይለያያል ወይ? መሰብሰቢያው የት ነው፣ አንዱ መንገድ ቢዘጋስ በየት ይዞራል? አደጋ ሲያጋጥም የሚደወልበት የውስጥ ቁጥር ስንት ነው? ብዙ ፋብሪካዎች የራሳቸው የእሳት ቡድን ስላላቸው የከተማውን ቁጥር ብቻ ማወቅ አይበቃም። የቆምክበት ክፍል ስም ማን እንደሚባልም እወቅ፣ ምክንያቱም ደውለህ «እዚህ ትልቁ ታንከር ጋ» ብትል ማንም አያገኝህም።

ከዚያ በየቀኑ፣ ሥራ ሳትጀምር፣ አንድ ጥያቄ ጨምር፦ «ዛሬ አጠገባችን ምን እየተሠራ ነው? የሚነሳ ወይም የሚቆም ማሽን አለ?» መልሱን ፎርማንህ ካላወቀው ከፋብሪካው ሰው ይጠይቅ።

የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየውን ከረጢትም የት እንደተሰቀለ እየው። ጋዝ ከሾለከ መጀመሪያ በጎን ከጋዙ መንገድ ትወጣለህ፣ ከዚያ ነፋሱ ወደሚመጣበት ትሄዳለህ። ነፋሱ ወደሚሄድበት ብትሮጥ ጋዙ ይከተልሃል።

ፐርሚቱን አንብበው

የሥራ ፈቃድ ወይም ፐርሚት ሲባል ብዙዎቻችን እንደ ቢሮ ጣጣ ነው የምናየው። ፊርማ ተሰብስቦ ኪስ ይገባል። ግን ወረቀቱ የሚጠቅመው ማሽኑ አጠገብ ቆመህ ስታነበው ነው። ፐርሚቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር አስተያይ። ፋብሪካ ውስጥ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው የሚተከለው፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ። ቀለማቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ፣ የሚለያቸው ቁጥራቸው ጭራ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። የተዘጋው አንዱ ሆኖ አንተ ሌላውን ከፈታህ ምን እንደሚመጣ መገመት አያቅትህም።

ሰዓቱንም እይ። የጠዋት ፐርሚት ለማታ አይሠራም። የጋዝ ልኬት ካለበት ማን ለካው፣ በስንት ሰዓት ለካው? ምሳ በልተህ ስትመለስ አየሩ ያው የጠዋቱ ነው ብለህ አትገምት፣ እንደገና ይለካ በል።

ሥራው ሳያልቅ ፈረቃ ከተቀየረ ደግሞ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ የለም። ሰውን በአካል አግኝተህ «ይሄ ተፈቷል፣ ይሄ አልተገጠመም» በል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 ሰሜን ባሕር ላይ በነበረው የፓይፐር አልፋ የነዳጅና ጋዝ ማውጫ የሆነው እንዲህ ነው። የአንድ ፓምፕ የደህንነት ቫልቭ ለጥገና ተፈታ፣ ሥራው በቀን ፈረቃ አላለቀም፣ ክፍቱ ጫፍ በብረት ክዳን ተሸፈነ። ማታ ሌላኛው ፓምፕ ሲቆም የማታዎቹ ቫልቩ መፈታቱን ሳያውቁ ያንን ፓምፕ አስነሱት። ጋዝ ሾለከ፣ ፈነዳ፣ 167 ሰዎች አለቁ።

የራስህ ቁልፍ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳለህ ብባል ይሄንን ነው የምመርጠው። የሚሽከረከር፣ ኤሌክትሪክ ያለው ወይም ግፊት የተሸከመ ነገር ላይ እጅህን ከማስገባትህ በፊት ማጥፊያው ላይ የራስህን ቁልፍ (ጓጉንቸር) ትቆልፋለህ። የፎርማንህን ወይም የጓደኛህን ሳይሆን የራስህን። ቁልፍ መክፈቻውም አንድ ነው፣ እሱም ያንተ ኪስ ውስጥ ነው። አራት ሰው የሚሠራ ከሆነ አራት ቁልፍ ይንጠለጠላል፣ ለዚህ ተብሎ ብዙ ቀዳዳ ያለው ማያያዣ አለ። የመጨረሻው ሰው ሳይከፍት ማሽኑ አይነሳም።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። ለማሽኑ ኦፕሬተር ትነግረዋለህ፣ ማሽኑ በደንቡ ይጠፋል። ከዚያ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ትቆልፋለህ፣ ስምህና ቀኑ ያለበት ካርድ ታንጠለጥላለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ገና ነው። ቧንቧው ውስጥ የቀረ ግፊት ይኖራል፣ የተጨመቀ አየር ይኖራል፣ ወደ ላይ ተነስቶ የቆመ ክንድ ይኖራል፣ የተወጠረ ስፕሪንግ ይኖራል፣ ካፓሲተር ውስጥ ኤሌክትሪክ ይኖራል። እነዚህ ብሬከር ስለወረደ አይጠፉም። ይተንፍሱ፣ ይውረዱ፣ ይደገፉ።

በመጨረሻ ሞክረው። ሰው አለመኖሩን አይተህ ማስነሻውን ተጫን። ካልተነሳ መልሰህ ወደ ማጥፊያው አድርገው፣ አለዚያ ቁልፉ ሲከፈት ሳይታሰብ ይነሳል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ቴስተርህን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቀው መስመር ላይ ሞክረው፣ ከዚያ የምትሠራበትን ለካ፣ ከዚያ ተመልሰህ በዚያው ኃይል ባለው መስመር ሞክረው። ሦስተኛዋን ሰው ይዘላታል፣ ግን መሃል ላይ የተበላሸ ቴስተርም ዜሮ ነው የሚያሳየው።

«ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይሄ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ጣት ለመቁረጥ ሰከንድ ይበቃል።

ታንከርና ጉድጓድ

ታንከር፣ ማንሆል፣ ሲሎ፣ ጥልቅ ቦይ፣ እነዚህ የታፈነ ቦታ ይባላሉ። ያለ ፐርሚትና ያለ ጋዝ መለኪያ አይገባም። ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ መሆን አለበት፣ የደህናው አየር 20.9 ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ለመፈንዳት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን 10 በመቶው ላይ ሳይደርስ ትወጣለህ። ሲለካ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካ፣ አንዳንዱ ጋዝ ከባድ ሆኖ ወለል ላይ ይተኛል።

አፍንጫህን አትመን። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ብለህ ስትደሰት መጠኑ ጨምሮ ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ጭራሽ አይሸቱም። አየር ለማስገባት ተብሎም ከሲሊንደር ኦክስጅን አይለቀቅም። ኦክስጅን የበዛበት ቦታ ልብስ ሳይቀር እንደ ክብሪት ይያያዛል።

ጓደኛህ ውስጥ ወድቆ ብታየው ተከትለህ አትዝለል። ይሄ ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወንድም ወንድሙን ዝም ብሎ አያይም። ግን በታፈነ ቦታ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የገቡት ናቸው። እሱን የጣለው አየር አንተንም ይጥልሃል። ሰው ውስጥ ሲሠራ መግቢያው ላይ ከውጭ የሚቆመው ጠባቂ ደውሎ የነፍስ አድን ቡድኑን ይጠራል፣ ገመድና መጎተቻ ካለ ከውጭ ይጎትታል። ጠባቂው ለምንም ነገር፣ ለሲጋራም ለመፍቻም፣ ከበሩ አይነቃነቅም።

እሳት፣ ግራይንደር፣ ከፍታ

ብየዳና ቆረጣ ስትሠራ ዙሪያህን 11 ሜትር ያህል ከሚቀጣጠል ነገር አጽዳ፣ የማይነሳውን በእሳት መከላከያ ጨርቅ ሸፍን። ወለሉ ላይ ቀዳዳ ካለ ፍንጣሪው ወደ ታች ፎቅ ይወርዳል፣ እዚያም እይ። ሥራው ካለቀ በኋላ የእሳት ጠባቂ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ብዙ ሳይቶች አንድ ሰዓት ይላሉ፣ እኔም አንድ ሰዓቱን ነው የምመርጠው። ነዳጅ የነበረበትን ባዶ በርሜል አትቁረጥ። ባዶው ከሙሉው ይብሳል፣ ውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው።

ግራይንደር ላይ ዲስክ ከመግጠምህ በፊት ሁለት ቁጥር አንብብ፦ ዲስኩ በደቂቃ የሚችለው ዙር ከማሽኑ ዙር ማነስ የለበትም። መሃሉ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ላይ ደግሞ የማብቂያ ቀን ይታተማል። ጊዜው ያለፈበት ዲስክ ሲሽከረከር ሊበተን ይችላል። መሸፈኛውን «ያስቸግረኛል» ብሎ የፈታ ሰው ካየህ ከፊት ለፊቱ አትቁም።

መሰላል በአራት ሜትር ቁመት እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይርቃል፣ ጫፉም ከምትወጣበት ወለል አንድ ሜትር ያህል ያልፋል። የመውደቂያ ቀበቶ የሚያስገድደው ከፍታ በየአገሩ ይለያያል፣ 1.8 ወይም 2 ሜትር የሚሉ ብዙ ናቸው። ግን ማሰር ብቻ አይበቃም፣ ሒሳብ አለው። 1.8 ሜትር ገመድ፣ ሲወድቁ የሚዘረጋው ማርገቢያ 1 ሜትር ያህል፣ የራስህ ቁመት፣ ትንሽ ትርፍ፣ ሲደመር 5.5 ሜትር ግድም ይሆናል። በእግርህ ደረጃ አስረህ በአራት ሜትር ከፍታ ላይ ከሠራህ ገመዱ ሳይዝህ መሬት ትደርሳለህ። ከራስህ በላይ እሰር፣ ገመዱን አሳጥር። የተንጠለጠለ ሰው ማን በምን እንደሚያወርደው ሳትወጡ ተነጋገሩ። ቀበቶ ላይ ብዙ መንጠልጠል ብቻውን ሊገድል ይችላል።

የቀረው አጭር ነው። የሚሽከረከር መሰርሰሪያ ላይ ጓንት አታድርግ፣ ይጠመጥምሃል። በክንድ ርቀት ላለ ሰው መጮህ ካስፈለገህ ጆሮህን ሸፍን፣ ድምፁ 85 ዴሲቤል አልፏል ማለት ነው። ከተንጠለጠለ ዕቃ ሥር አትለፍ። ፎርክሊፍት ሲመጣ ሹፌሩ ዓይን ለዓይን ሳያይህ አትሻገር። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ነገር ውሃ ቢመስልም አትንካው።

አቁም ማለት

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚታነቀው። አለቃህ ይቸኩላል፣ አሠሪው ቀን ቆርጦበታል፣ አንተ ደግሞ ነገ እንድትጠራ ትፈልጋለህ። ስለዚህ ሰው ዝም ይላል። የሚረዳው ነገር ጠብ በሌለበት ቃል መናገር ነው። «አልሠራም» ካልክ ክርክር ይነሳል። «ቁልፌን ልግጠምና እጀምራለሁ» ወይም «የጋዙን ልኬት አሳዩኝ፣ ወዲያው እገባለሁ» ስትል ግን ኳሷ እነሱ ሜዳ ላይ ናት። ካልሰሙህ ለፋብሪካው ሴፍቲ ኦፊሰር ንገር። ለጥቂት የተረፋችሁበትን ነገርም አስመዝግብ፣ መፍቻ ወድቆ ማንንም ባይነካም።

ስትጨርስ መሣሪያህን ቁጠር፣ መሸፈኛዎቹን መልስ፣ ቁልፍህን ራስህ ፍታ፣ ለኦፕሬተሩ ንገር፣ ፐርሚቱን አስዘጋ። በር ላይም ስምህን ሳታሰርዝ አትውጣ። በዚያ ሌሊት ደወል ቢጮህ ስምህ መዝገቡ ላይ ካለ ሰዎች አንተን ፍለጋ እሳት ውስጥ ይገባሉ፣ አንተ ቤትህ ተኝተህ።