«አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ሲላችሁ፦ የሊንከር ችግሮች፣ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ኮዱ ኮምፓይል ሆኗል። አንድም ስህተት የለም። ከዚያ መጨረሻ ላይ ሊንከሩ፣ ማለትም የተተረጎሙትን ፋይሎች አገናኝቶ አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው መሣሪያ፣ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» (የተጠራው ስም አልተገኘም) ብሎ ሥራውን ያቆመዋል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ያገኘውን ላይብረሪ ሁሉ ኮማንዱ ላይ መደርደር ይጀምራል። አንዳንዴ ይሠራል። ለምን እንደሠራ ግን ስለማይታወቅ ችግሩ ሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

በግምት መሞከር አያስፈልግም። ሊንከር የሚያውቀው ስም ብቻ ነው። የትኛው ፋይል ስሙን ይፈልጋል? የትኛውስ አለኝ ይላል? ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ስታገኙ ይፈታሉ።

መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ያለውን እንይ። ኮምፓይለር እያንዳንዱን የሲ ፋይል ለየብቻ ነው የሚተረጉመው። ሌላ ፋይል ላይ ያለ ፈንክሽን ሲጠራ አድራሻውን ስለማያውቅ ቦታውን ክፍት ይተወዋል። ባለ 64 ቢት የኢንቴል ማሽን ላይ የትርጉሙን ውጤት፣ ማለትም ኦብጀክት ፋይሉን፣ በ«ኦብጅዳምፕ -ዲአር» ብትከፍቱት ጥሪው «ኢ8 00 00 00 00» ሆኖ ይታያል። ኢ8 የጥሪው ትእዛዝ ነው። አራቱ ዜሮ ባይቶች ገና ያልተሞላው አድራሻ ናቸው። ከሥራቸው «ይህ ቦታ በእዚህ ስም አድራሻ ይሞላ» የሚል ማስታወሻ አለ፤ ሪሎኬሽን ይባላል። ሊንከር ስሙን አግኝቶ ዜሮዎቹን ይሞላል። ካላገኘ ይጮሃል።

ስሞቹን የሚያሳያችሁ «ኤንኤም» የሚባለው ኮማንድ ነው። ከየስሙ ፊት አንድ ፊደል ያስቀምጣል። ዩ ማለት ስሙ ይፈለጋል፣ እዚህ ፋይል ውስጥ ግን የለም ማለት ነው። ትልቁ ቲ ኮዱ እዚሁ አለ ማለት ነው። ዲ እና ቢ ዳታ ናቸው፤ ቢ ከዜሮ የሚነሳው ነው። ደብሊው ደካማ ሲምቦል ነው፤ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ስም ቢኖርም ግጭት የማይፈጥር ስም ማለት ነው። ፊደሉ ትንሽ ከሆነ ስሙ ባብዛኛው ከፋይሉ ውጭ አይታይም፤ ትንሿን ቲ በደንብ ያዟት።

ምልክት፦ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ»

ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት በሁሉም ኦብጀክት ፋይሎችና ላይብረሪዎች ላይ «ኤንኤም -ኤ» (በትልቁ ኤ) አሂዱና የጠፋውን ስም በ«ግሬፕ» ፈልጉ። ምክንያቱን የሚነግራችሁ ውጤቱ ነው።

የምታዩት ዩ ብቻ ከሆነ ስሙን የሚያውቅ ማንም የለም። ወይ ፋይሉ ቢልዱ ውስጥ አልገባም፣ ወይ ላይብረሪው ተረስቷል፣ ወይ ስሙ በስህተት ተጽፏል። በሲ የፊደል ስህተት እስከ ሊንከር ድረስ ሾልኮ ይመጣ የነበረው ያልታወጀ ፈንክሽን መጥራት ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጂሲሲ ኮምፓይለር 14ኛ እትም ግን እዚያው ኮምፓይለሩ ላይ ያስቆመዋል።

እዚህ ጋ ሰውን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። «ስኩዌርሩት» የተባለውን የሒሳብ ፈንክሽን በቋሚ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ2.0፣ ስትጠሩት ያለ ችግር ይሠራል። በቫሪያብል ስትጠሩት «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ይመጣል። በመጀመሪያው ኮምፓይለሩ መልሱን ራሱ አስልቶ ስለጨረሰ ስሙ ኦብጀክት ፋይሉ ውስጥ አልገባም። በሁለተኛው ገብቷል። መፍትሄው ኮማንዱ መጨረሻ ላይ የሒሳብ ላይብረሪውን፣ ማለትም «-ኤልኤም»ን፣ መጨመር ነው።

ስሙ በትንሿ ቲ ከታየ ፈንክሽኑ «ስታቲክ» ተብሏል። አለ፣ ግን ለራሱ ፋይል ብቻ። ሌላ ፋይል እንዲጠራው በእርግጥ ከፈለጋችሁ ቃሉን አንሱት።

ስሙ አለ፣ ግን ተቀይሮ ከታየ ሲፕላስፕላስ ከሲ ጋር ተቀላቅሏል። ሲፕላስፕላስ አንድ ስም ያላቸውን ፈንክሽኖች ለመለየት የሚቀበሏቸውን ዋጋዎች ዓይነት ከስሙ ጋር ይሰፋዋል። ሁለት ኢንት የሚቀበለው «አድ» በጂሲሲ «_ዜድ3አድአይአይ» ይሆናል፦ 3 የስሙ ርዝመት ነው (በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስት ፊደል)፣ እያንዳንዱ አይ ደግሞ አንድ ኢንት። ሲ ላይብረሪው ውስጥ ያለው ግን «አድ» ብቻ ነው። ለሊንከር ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የሲውን ሄደር (ማወጃዎቹ የተጻፉበትን ፋይል) «ኤክስተርን "ሲ"» ውስጥ አስገቡት፣ ያበቃል። ስሞቹን በሚነበብ መልኩ ለማየት «ኤንኤም» ላይ ትልቁን «-ሲ» ጨምሩ። የጠፋው ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ካያችሁ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ጂሲሲ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 የስትሪንግን አሠራር ስለቀየረ ላይብረሪውና የእናንተ ኮድ በተለያየ አሠራር ተሠርተዋል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቅንብር እንደገና ኮምፓይል አድርጉ።

የጠፋው «ቪቴብል»፣ ማለትም የአንድ ክላስ ቨርቹዋል ፈንክሽኖች አድራሻ ሰንጠረዥ፣ ከሆነ ክላሱ ውስጥ አውጃችሁ ያልጻፋችሁት ቨርቹዋል ፈንክሽን ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

አሁን አብዛኛውን ሰው የሚያሰቃየው ይቀራል። ስሙ በትልቁ ቲ ላይብረሪው ውስጥ አለ። ፊደሉ ልክ ነው። ላይብረሪውም ኮማንዱ ላይ ተጽፏል። ሊንከሩ ግን የለም ይላል። ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

የጂኤንዩ ሊንከር ኮማንዱን ከግራ ወደ ቀኝ ያነብባል። እያነበበ የሚፈለጉ ስሞችን ዝርዝር ይይዛል። ስታቲክ ላይብረሪ፣ ማለትም የ«.ኤ» ፋይል፣ ሲደርስ ውስጡ ካሉት ኦብጀክት ፋይሎች በዝርዝሩ ላይ ያለ ስም የያዙትን ብቻ ያወጣል። የቀሩትን ትቷቸው ያልፋል፤ ተመልሶም አያይም። «ሒሳብ» የሚባል የራሳችሁ ላይብረሪ አለ እንበል፤ «ጂሲሲ -ኤልሒሳብ ሜይን.ኦ» ብላችሁ ስትጽፉ ላይብረሪው ተራው ሲደርስ ገና ማንም ምንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ባዶ እጁን ይታለፋል። ቀጥሎ ሜይን ይመጣና ላይብረሪው ውስጥ ያለውን «ደምር» የተባለ ፈንክሽን ይፈልጋል። የሚሰጠው የለም። «ሜይን.ኦ -ኤልሒሳብ» ብላችሁ አዙሩት፤ ይሠራል። ጠሪው ይቅደም፣ ተጠሪው ይከተል።

ሁለት ላይብረሪዎች እርስ በርስ የሚጠራሩ ከሆነ አንዱን ሁለት ጊዜ ጻፉት፣ ወይም ሁለቱን በ«ስታርት-ግሩፕ» እና «ኤንድ-ግሩፕ» መካከል አድርጓቸው። ኤልኤልዲ የተባለው ሊንከር ያለፋቸውን ላይብረሪዎች ስሞች ስለሚያስታውስ ቅደም ተከተሉ ያን ያህል አያስጨንቀውም። እኔ ጋ ይሠራል፣ አንተ ጋ አይሠራም የሚለው ክርክር አንዳንዴ መነሻው ይኸው ነው።

ምልክት፦ «መልቲፕል ዴፊኒሽን»

አንድ ስም፣ ሁለት ባለቤት። የተለመደው ምክንያት ሄደር ፋይል ውስጥ «ኢንት ድምር;» ብሎ መጻፍ ነው። ሄደሩን የከተተ ፋይል ሁሉ የራሱን «ድምር» ይፈጥራል። ሄደሩ ላይ «ኤክስተርን» ጨምሩበትና እውነተኛውን አንድ የሲ ፋይል ውስጥ ብቻ ጻፉት። ሲፕላስፕላስ 17 ከሆነ «ኢንላይን» ማለትም ይበቃል።

ለዓመታት ሲሠራ የነበረ የሲ ኮድ ኮምፓይለር ስትቀይሩ እዚህ ስህተት ላይ ከወደቀ ምክንያቱ ጂሲሲ 10 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት መነሻ ዋጋ ያልተሰጣቸው ተመሳሳይ ስሞች በዝምታ ይዋሃዱ ነበር። አሁን አይዋሃዱም። «-ኤፍኮመን» ብትጨምሩ የድሮው ይመለሳል። እኔ ግን አልመክርም፤ ስህተቱን መልሶ መደበቅ ነው።

ሌላም አለ፣ ድንገት የሚመጣ። ላይብረሪ ውስጥ ያለ አንድ ኦብጀክት ፋይል «ቁረጥ» እና «ቀጥል» የሚባሉ ሁለት ፈንክሽኖች ይዟል እንበል። እናንተም የራሳችሁን «ቁረጥ» ጽፋችኋል። «ቀጥል»ን የሚጠራ እስከሌለ ድረስ ያ ኦብጀክት ፋይል አይወጣም፤ የእናንተው ይሠራል፤ ሁሉ ሰላም ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው «ቀጥል»ን ሲጠራ ፋይሉ ከነ«ቁረጥ»ው ይገባና ግጭት ይፈጠራል። «ቀጥል»ን የጨመረው ሰው ምንም አላጠፋም። የእናንተን «ቁረጥ» ስታቲክ አድርጉት ወይም የፕሮጀክታችሁን ቅድመ ቅጥያ ስጡት።

ምልክት፦ ስህተት የለም፣ ቁጥሩ ግን ተበላሽቷል

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አያስጠነቅቃችሁም። አንዱ ፋይል «ኢንት ድምር = 0;» ይላል። ሌላው «ኤክስተርን ደብል ድምር;» ይላል። ስሙ አንድ ስለሆነ ሊንከሩ ያገናኛቸዋል፤ ዓይነቱን አያይም። ሁለተኛው ፋይል ሲጽፍ በተለመዱት ማሽኖች 4 ባይት ቦታ ላይ 8 ባይት ይጽፋል። ትርፉ ጎኑ ያለውን ቫሪያብል ያጠፋዋል። እናንተ ደግሞ ምንም ያልነካችሁት ቫሪያብል ለምን ተቀየረ ብላችሁ ስትለፉ ትውላላችሁ።

መፍትሄው፦ በሲ ፋይል ውስጥ በእጅ «ኤክስተርን» አትጻፉ። ማወጃው ሄደር ውስጥ ይሁን፤ ያን ሄደር ቫሪያብሉን የፈጠረው ፋይልም ይክተተው። ያኔ ኮምፓይለሩ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስለሚያይ ይይዘዋል። ያለውን ኮድ ለመፈተሽ በ«-ኤፍኤልቲኦ» ገንቡት፤ የዓይነት አለመጣጣሙን ይነግራችኋል።

ሲፕላስፕላስ ላይም ተመሳሳዩ አለ። ሁለት ፋይሎች አንድ ስም ያላቸው የተለያዩ ክላሶች ካሏቸው፣ ክላሱ ውስጥ የተጻፉት ፈንክሽኖች ደካማ ሲምቦሎች ይሆናሉ። ሊንከሩ አንዱን ይመርጥና ሌላውን በዝምታ ይጥለዋል። ለአንድ ፋይል ብቻ የሚሆን ክላስ ስም በሌለው ኔምስፔስ ውስጥ ይግባ።

ምልክት፦ ሲጀመር «ሲምቦል ሉክአፕ ኤረር»

ሊንከሩ አልፏል፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ወይም እየሠራ እያለ ይወድቃል። ሲገነባ የነበረው የ«.ኤስኦ» ላይብረሪ (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጫነው ዓይነት) እና አሁን የተጫነው አንድ አይደሉም። የቱ እንደተጫነ በ«ኤልዲዲ» እዩ፤ ከዚያ በ«ኤንኤም -ዲ» (በትልቁ ዲ) ስሙ እውነት ውስጡ እንዳለ አረጋግጡ። ስሙ ኖሮ ከሌላ ላይብረሪ የመጣ ፈንክሽን እየተጠራ ከመሰላችሁ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙን «ኤልዲ_ዲበግ=ባይንዲንግስ» ብላችሁ አስነሱት። የትኛው ስም ከየትኛው ፋይል እንደተወሰደ መስመር በመስመር ያወጣላችኋል።