በቴክኖሎጂ ሆይ ሆይታ ውስጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ሰራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሥራችንን ሊወስድ ነው፤ ብሎክቼይን የተባለው፣ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንዴ የሚቀመጥ መዝገብ፣ ሙስናን ሊያጠፋ ነው፤ ታብሌት የገጠሩን ልጅ ያለ አስተማሪ ሊያስተምር ነው። እንዲህ ያለ ዜና ያልሰማንበት ዓመት የለም ማለት ይቻላል። ቴክኖሎጂ የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ የቤት ኪራይ የምከፍለው በስልኬ ነው። የምጠራጠረው ዜናውን ነው። ዜናው የሚጻፈው መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ምን እንደሆነ ተመልሶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ክፍተት የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምረቃውን እንደ ውጤት መቁጠር

ከደቡብ አፍሪካ የተነሣ ፕሌይፓምፕ የሚባል የውኃ ፓምፕ ነበር። ሐሳቡ ልብ ይሰርቃል፦ ልጆች እየገፉ የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ከጉድጓዱ ጋር ይገናኛል፤ እነሱ ሲጫወቱ ውኃው ወደ ታንከር ይወጣል። በ2006 የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ሎራ ቡሽ ኒው ዮርክ ላይ የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ይፋ አደረጉ። እስከ 2010 ድረስ 4,000 ፓምፕ ይተከላል ተባለ። የሚስቁ ልጆችና የሚፈስ ውኃ ያለበት ፎቶም እንደ ልብ ተሰራጨ።

ከፎቶው በኋላ ግን ሒሳቡ መጣ። አንዱ ፓምፕ 14,000 ዶላር ገደማ ያወጣል። ዋተርኤድ የተባለው የውኃ ድርጅት ይህ ከተለመደው የእጅ ፓምፕ አራት እጥፍ ነው አለ። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የወጣ ስሌት ደግሞ ፓምፑ ያጠጣል ለተባለው ሕዝብ የሚበቃ ውኃ ለማውጣት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት እንዳለባቸው አሳየ። ልጆች ይሰለቻሉ፤ ትምህርት ቤትም ይገባሉ። ያን ጊዜ መጫወቻውን የሚያዞሩት ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ሆኑ፤ ያውም ጎንበስ ብሎ ብረት መግፋት የእጅ ፓምፕ ከመጫን የሚከብድ ሆኖ። በ2010 ዘመቻው ቆመ።

ልብ ይበሉ፣ ፓምፑ በእርግጥ ውኃ ያወጣ ነበር። ገንዘቡ የተሰጠው ግን በመጀመሪያው ቀን ለታየው ነገር ነው፤ ስድስተኛው ወር ላይ ማን ያዞረዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ወደ እኛም እንምጣ። በ2021 ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሚሠራው ኩባንያ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ሊመዘግብ መሆኑን ሲያስታውቅ ዜናው ዓለምን ዞረ። 5 ሚሊዮን የዕቅድ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ የሚጠይቁት ሌላ ቁጥር ይሁን፦ ያን መዝገብ አሳይቶ ሥራ የተቀጠረ ወይም ዩኒቨርሲቲ የገባ ስንት ሰው አለ?

መሣሪያውን ከቆመበት ክፍል ነጥሎ ማየት

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማ ሲባል ትዝ የሚለው ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። ይህን ጉዳይ ትንሽ ልቆይበት፤ ከውጭ ከመጡት ምሳሌዎች ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን እሱ ነውና።

ፕሮግራሙ በ2004 ሲጀመር ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፍ ነበር። ምክንያቱ አልባሌ አልነበረም። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት እየበዙ ነው፤ የሠለጠነ የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪ የለም፤ የአዲስ አበባውና የጠረፉ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኙ የሚለው ሐሳብም ፍትሐዊ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይወስዳል፤ ለአስተማሪው መግቢያና ማጠቃለያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው አስተማሪ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ተማሪው ባልለመደው ቅላፄ፣ ሳታርፍ ትናገራለች። ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም ትቀጥላለች። እጅ ቢያወጡ አታይም። ደብተር ላይ ገልብጠው ሳይጨርሱ ምስሉ ተቀይሯል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አለፈ፤ ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም፣ በማግሥቱ የሚመጣው ቀጣዩ ትምህርት ነው። እናም ለአስተማሪ እጥረት መፍትሔ ተብሎ የመጣው ነገር ያለውን አስተማሪ ራሱ በገዛ ክፍሉ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ አደረገው።

ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም፤ ሳተላይቱም ሠርቷል። ያልታሰበው መብራቱ፣ ቋንቋው፣ ፍጥነቱና የአስተማሪው ቦታ ነው። ዛሬ «የኤአይ አስተማሪ» የሚሸጡልን ሰዎች ስለ ሞዴላቸው ትልቅነት ሰዓት ሙሉ ሊያወሩ ይችላሉ። እርስዎ ግን ተማሪው ግራ ሲገባው ፊቱን የሚያየው ማን እንደሆነ ይጠይቁ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። በ2005 አሜሪካዊው የኮምፒውተር ምሁር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ብለው የ100 ዶላር ኮምፒውተር ቃል ሲገቡ ፔሩ ከሁሉ በላይ ገዛች፤ ከ800,000 በላይ። ዋጋው 100 ዶላር ሆኖ አያውቅም፣ ወደ 200 ተጠግቷል። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ በ2012 ባወጣው ጥናት ደግሞ ላፕቶፑ የደረሳቸው ልጆች በሒሳብም በቋንቋም ካልደረሳቸው የተሻለ ውጤት አላሳዩም።

ከታሪኩ የወጡትን ሰዎች አለመፈለግ

እኚሁ ኔግሮፖንቴ በ2012 ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩት ታሪክ ዓለምን አስደምሞ ነበር። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ፊደል አይተው ለማያውቁ ልጆች የታሸገ ካርቶን ውስጥ ታብሌት ተሰጣቸው፤ መመሪያ የለም፣ አስተማሪ የለም። አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ከፍቶ አበራው፤ በአምስት ወር ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ የሚከፍቱበትን መንገድ አገኙ ተባለ።

የልጆቹ ጉብዝና ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ዜና ያነበበ ብዙ ሰው ግን ያለፈው ሌላ ዝርዝር ነበር፦ ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ስለነበሩ አሞላሉን የተማሩ የመንደሩ አዋቂዎች ነበሩ፤ በየሳምንቱ ደግሞ መንደር ድረስ እየሄደ ሚሞሪ ካርድ የሚቀይር ሠራተኛ ነበር። «ያለ ሰው» የተባለው ሙከራ በሰው ነው የቆመው።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። በ1770 ቪየና ውስጥ ፎን ኬምፐለን የተባለ ሰው ቼዝ የሚጫወት ማሽን አሳየ፤ ማሽኑ በኋላ ናፖሊዮንን ሳይቀር ገጥሟል። ሳጥኑ ውስጥ የተደበቀ ሰው ነበር። ዛሬ ሳጥኑ ናይሮቢ ነው። ጥያቄ ሲጽፉለት የሚመልሰው ኤአይ፣ ቻትጂፒቲ፣ አስጸያፊ ነገር እንዳይናገር ጽሑፎቹን እያነበቡ የለዩት ኬንያውያን በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው እንደነበር ታይም መጽሔት በ2023 ዘግቧል። ፌስቡክ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚለጠፈውን ለማየትም እዚያው ናይሮቢ ሰው ተቀጥሮ ነበር። «በራሱ ይሠራል» ሲባሉ፣ ማን ነው ውስጡ ያለው ብለው ይጠይቁ።

መድረክ ላይ የታየውን እንዳለ መውሰድ

ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2017 የሳዑዲ ዜግነት ተሰጣት፤ በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አገኘች። በሶፍትዌሯ ላይ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ስለሠሩ መኩራታችን ልክ ነበር፤ እኔም ኮርቻለሁ። ሮቦቷ ታስባለች ብለን ማመናችን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መድረክ ላይ የምትናገረው አብዛኛው አስቀድሞ የተጻፈ ነበር። የፌስቡክ የኤአይ ምርምር መሪ የነበሩት ያን ለኩን በዚያው ሰሞን ነገሩን በአደባባይ ማጭበርበር ነው እስከ ማለት ደርሰዋል።

ሶፊያ ማንንም አልጎዳችም። ቴራኖስ ግን ጎድቷል። ኤልዛቤት ሆምስ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ አደርጋለሁ ብላ የ9 ቢሊዮን ዶላር ግምት ያለው ኩባንያ ሠራች። ከቦርዱ አባላት መካከል የቀድሞዎቹ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልዝ ነበሩበት። ትልልቅ ስም አለና ማንም ማሽኑን ልክፈተው አላለም። በ2015 ዎል ስትሪት ጆርናል ሲመረምረው አብዛኛው ምርመራ የሚደረገው ከሌላ ኩባንያ በተገዛ ተራ ማሽን ሆኖ ተገኘ። በ2022 ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ ባለሥልጣንና ባለዝና ሲነግርዎ ደግሞ መላውን እጥፍ ያድርጉት።

«በአምስት ዓመት ውስጥ» የሚለውን ማመን

ይህ አጭር ነው። በ2016 ጄፍሪ ሂንተን፣ ያውም በኋላ ኖቤል የተሸለሙ ሳይንቲስት፣ የራዲዮሎጂ ሐኪም (ራጅና መሰል ምስሎችን የሚያነብ) ማሠልጠን አሁኑኑ ይቁም፤ ምናልባት በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል አሉ። አሜሪካ ዛሬም የራዲዮሎጂስት እጥረት አለባት። ኢሎን መስክ በ2019 በሚቀጥለው ዓመት ያለ ሹፌር የሚሠሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቴስላ ታክሲዎች ይኖራሉ ብሎ ነበር። 2020 አንድም ሳይኖር አለቀ። ልጅዎ «ይኼ ሙያ ሊጠፋ ነው» ተብሎ የመረጠውን ትምህርት ሊተው ሲል እነዚህን ሁለት ትንቢቶች ይንገሩት።

«ሲስተሙ እንዲህ ይላል» ሲባሉ ዝም ማለት

«ሲስተም የለም» ሲባሉ ይበሳጫሉ፤ ቢሆንም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተነግሮዎታል። የሚያስፈራው ሲስተሙ ኖሮ ሲሳሳት ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ1999 ጀምሮ የፖስታ ቤት ቅርንጫፎች ፉጂትሱ የሠራውን ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሶፍትዌር ይጠቀሙ ነበር። ሶፍትዌሩ የሌለ ጉድለት ያሳያል። ቅርንጫፉን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ገንዘብ አልነካንም ቢሉ የሚሰማ አልተገኘም፤ ሕጉ ራሱ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብሎ ይነሣል፣ ተሳስቷል የሚለው ተከሳሽ ነው ጥርጣሬውን ማስረዳት ያለበት። ከ900 በላይ ሰው ተፈረደበት። የታሰሩ አሉ፤ ያልወሰዱትን ገንዘብ ከኪሳቸው የከፈሉ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ሶፍትዌሩ ስህተት እንደነበረበት ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ2019፣ ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሻረው በ2024 ነው።

የኤአይ ቻት ሲመጣ ይኸው ልማድ ሌላ መልክ ያዘ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጡ። አንደኛው ውሳኔዎቹ እውነት ናቸው ወይ ብሎ ማሽኑን ራሱን ጠይቆት ነበር፤ አዎ ብሎታል። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ያሻል፤ እነዚህ ሞዴሎች ያነበቡት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው፤ አነጋገራቸው ግን ቀን በቀን እየተስተካከለ ስለሄደ ስህተቱ አያስታውቅም። ለመፈተን ቀላሉ መንገድ በደንብ ስለሚያውቁት ነገር መጠየቅ ነው፦ ስለ ተወለዱበት ወረዳ፣ ስለ ሙያዎ። እዚያ ላይ በልበ ሙሉነት የሚቀባጥር ከሆነ፣ በማያውቁት ስለ መድኃኒትና ስለ ውርስ ሕግ የሚነግርዎትን በዚያው ይለኩ።

ዋጋው ስለወጣ ይሠራል ማለት

ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ በ2022 መጀመሪያ 32 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከሰረ፤ መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ 25 ዓመት ተፈረደበት። በቴሌግራም የሚዞረው «መቶ ዶላር አስገባ፣ ሰው ጋብዝ» ደግሞ የቴክኖሎጂ ስም የለበሰ የድሮ ማጭበርበር ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ላይ የሚበረታው እነሱ ዘንድ ዶላሩ ስላለ ነው። ትርፉ ከአዲስ ገቢዎች ገንዘብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት

ጥርጣሬ ሲበዛ ደግሞ ዓይንን ይጋርዳል። በ2005 ኬንያ ውስጥ አንድ ሙከራ ሲጀመር ዓላማው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ ይላላኩበት ጀመር። ሳፋሪኮም ዕቅዱን ትቶ ሰዎቹን ተከተለ፤ ኤም-ፔሳ በ2007 በዚሁ መልክ ሥራ ጀመረ። ስማርት ስልክም ኢንተርኔትም አልጠየቀም። ሊቆች የሰበሰበ የምረቃ መድረክ ያላስፈለገው፣ ሰው አስቀድሞ በየአውቶቡሱ ይልክ የነበረውን ገንዘብ በርካሹ ስልክ ስላሻገረለት ነው። በ2021 የመጣው ቴሌብርም በ*127# በተራ ስልክ መሥራቱ ብዙ ረድቶታል።

ሥራውን ተሸክሞ ያለው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለውና የሚሰጠው የሰፈር ባለሱቅ ነው። ኮሚሽኑ ካላዋጣው ወይም እጁ ላይ ብር ከሌለ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ስንት ሚሊዮን ደንበኛ አለኝ ቢልም፣ አገልግሎቱ በዚያ ሰፈር የለም። ስለዚህ አዲስ የክፍያ መተግበሪያ ሲመጣ ማስታወቂያውን አላነብም፤ ሱቅ ሄጄ «ይሄ ይሠራልሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለሱቅ ደግሞ በዚህ ነገር አይዋሽም።