ሳብዉፈር ከመግጠማችሁ በፊት ኦሙን አስሉ

መኪናችሁ ላይ ሳብዉፈር (የቤዝ ስፒከር፣ በአጭሩ ሳብ) ልታስገጥሙ ነው? ዋቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ኦሙን፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም፣ እዩ።

ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል)፣ እያንዳንዱ 4 ኦም የሆነ ሳብ እንውሰድ። አራት ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) አለው። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ካገናኛችሁ አምፑ (ለሳቡ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር) የሚያየው 2 ኦም ነው። ይህ ፓራለል ነው። የአንዱን ኮይል ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር አስራችሁ የቀሩትን ሁለቱን ወደ አምፑ ከወሰዳችሁ ደግሞ ሲሪየስ ይሆናል፤ 8 ኦም። 8 ኦም አምፑን አይጎዳም፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል።

ችግሩ ሁለት ሳብ ሲሆን ነው። ሁሉንም ፓራለል ካደረጋችሁ 1 ኦም ላይ ትወርዳላችሁ። አምፑ የሚችለው ዝቅ ቢል እስከ 2 ኦም ከሆነ እባካችሁ አትሞክሩት! ይግላል፣ የፕሮቴክት መብራቱ ይበራል፣ ሲብስም ይቃጠላል። ይልቅ የእያንዳንዱን ሳብ ኮይሎች ሲሪየስ፣ ከዚያ ሁለቱን ሳቦች ፓራለል አድርጉ። 4 ኦም ታገኛላችሁ።

ባለ ሁለት ቻናል አምፕ ብሪጅ ስታደርጉም (ሁለቱን ቻናሎች አጣምራችሁ እንደ አንድ ስትጠቀሙ) ተጠንቀቁ። እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው ግማሹን ኦም ነው።

ሽቦውን አምፑ ላይ ከማሰራችሁ በፊት በቴስተር ለኩት። የ4 ኦም ኮይል 3.5 አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው።