ለወላጅ አስታማሚ ወይም ተቋም ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አረጋውያንን መንከባከብ ሥራዬ ስለሆነ ልጆች ምን ጠይቀው፣ ምን ሳይጠይቁ እንደሚሄዱ አያለሁ። ስለ ክፍሉ ስፋት ይጠይቃሉ፣ ስለ መስኮቱ ይጠይቃሉ፣ ስለ ጉብኝት ሰዓት ይጠይቃሉ። ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ያ ሰው ደግሞ ስንት አረጋውያንን እንደሚይዝ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። አዛውንት በጨለማ ሽንት ቤት ለመሄድ ሲነሡ ሊወድቁ ይችላሉ። የቀኑን ፈረቃ ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ።

ቀጠሮ ይዞ አንዴ ጎብኝቶ መወሰንም ያው ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ይጠረጋል። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ሳትናገሩ ሂዱ፤ የሳምንቱ መጨረሻ ወይም መሸት ሲል ቢሆን ይመረጣል። የምግብ ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ብዙ ታያላችሁ። ራሳቸውን ችለው የማይበሉትን የሚያጎርሰው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ነው ወይስ ቆሞ እያጣደፋቸው? ተንጋለው የሚጎርሱ ካሉ ተጠንቀቁ፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሄዶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ቀና ብለው መብላት፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ሳይተኙ መቆየት አለባቸው። አንዱ ክፍል ውስጥ የጥሪ ደወል ሲጮህ ደግሞ ሰዓታችሁን እዩ።

ወላጃችሁ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ሳታውቁ ዋጋ አትጠይቁ። ሐኪሙ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት መለኪያ አሁንም ይሠራበታል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። በእያንዳንዱ ፊት «ብቻቸውን» ወይም «በእርዳታ» ብላችሁ ጻፉ። ያቺ ወረቀት ከሌለች ወይ ለማያስፈልግ አገልግሎት ትከፍላላችሁ፣ ወይ የሚያስፈልገው ሳይሰጣቸው ይቀራል።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። ልጆች «እናታችሁ ምንም አያስቸግሩም፣ ጸጥ ብለው ነው የሚውሉት» ሲባሉ ፊታቸው ይበራል። ለምን? ትናንት የሚቆጡ፣ የሚጠይቁ፣ «ይሄ እንዲህ አይደረግም» የሚሉ ሰው በሳምንት ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው መዋል ከጀመሩ ምክንያት አለው። ታመው ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሆነ የሳንባ ምች ትኩሳት ሳያሳይ በድንገተኛ መፍዘዝና መቀባዠር ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ውኃ አንሷቸው ይሆናል፤ ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይቀንሳል፣ ካልተሰጣቸው አይጠይቁም። አዝነው ይሆናል። ወይም ደግሞ ዝም እንዲሉ መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል።

ይህ የመጨረሻው አለ፣ አይቼዋለሁ። ሠራተኛ ሲያንስ ማስታገሻ ይበዛል። አንዲት ልጅ እናቷን ከሌላ ተቋም ወደምሠራበት ቦታ ስታዛውር እናትየው ዊልቸር ላይ ሆነው፣ ለሃጫቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ ነበር የመጡት። «እርጅና ነው» ተብላ ነበር። የመድኃኒት ዝርዝራቸውን ስናይ ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ያዘዟቸው ሁለት የሚያስተኙ መድኃኒቶች አሉበት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀነሰላቸው፤ እንዲህ ያለውን መድኃኒት በራስ ሥልጣን በድንገት ማቆም አደገኛ ስለሆነ ማንም ቤተሰብ አይሞክረው። ከጊዜ በኋላ መነጽራቸውን ጠየቁ። ቀጥለው አንሶላው በደንብ አልተነጠፈም ብለው ተቆጡ። ልጅቷ ያንን ቁጣ ስትሰማ አለቀሰች።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሚሰጡ አዳዲሶቹ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ማስጠንቀቂያውን ወደ ቀደምቶቹም አስፋፋ። ሐኪም አስቦበት የሚያዝበት ጊዜ የለም አልልም። ግን ማን አዘዘው? ለምን? መቼ ተመልሶ ይታያል? ይህን ሲጠየቅ የሚያኮርፍ ተቋም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። የወላጃችሁን የመድኃኒት ዝርዝር በእጃችሁ ያዙ፣ በተለወጠ ቁጥር አዲሱን ተቀበሉ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው «ለራስ ምታት» ተብሎ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ሲሰጥ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ጥፋት በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው የሚደርሰው።

ቤት የሚመጣ አስታማሚ የምትቀጥሩ ከሆነ የአንደበት ጣፋጭነት አያታላችሁ። አባታችሁን ከወንበር እንድታስነሣ ጠይቋትና እዩ። ክንዳቸውን ይዛ የምትጎትት ወይም ብብታቸው ሥር ገብታ የምታነሣ ከሆነ አልሠለጠነችም፤ የአዛውንት ትከሻ በዚህ ይጎዳል። ሥራውን የምታውቅ ሰው መጀመሪያ ምን ልታደርግ እንደሆነ ለእሳቸው ትነግራቸዋለች። የዊልቸሩን ፍሬን ትይዛለች፣ ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ ታደርጋቸዋለች፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ ታስደርጋለች፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ አብራ ትነሣለች። እሳቸው አጠገብ ሆነው ሳለ ለእናንተ «ይበላሉ? ይሰማሉ?» ብላ የምትጠይቅ ከሆነ ደግሞ ገና አላየቻቸውም ማለት ነው። በድርጅት በኩል ከሆነ «እሷ ስትቀር ማን ይመጣል?» በሉ፤ በየሳምንቱ አዲስ ፊት የሚልክ ድርጅት የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ሥቃይ ነው። ከዚህ በፊት ያሠሯትን ቤተሰቦች ራሳችሁ ደውሉ፤ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ አይበቃም።

ለአስታማሚ ወይም ለተቋም ባለቤት ውክልና፣ የባንክ ካርድ ወይም የይለፍ ቁጥር አትስጡ። በቃ።

ውሉን ስታነቡ ወላጃችሁ ሆስፒታል ቢገቡ ክፍያው ይቀጥል እንደሆነ፣ ዳይፐር ይካተት እንደሆነ፣ ጤናቸው ሲከብድ እዚያው ይቆዩ ወይስ ውጡ ይባሉ እንደሆነ ፈልጉ።

ከገቡ በኋላ «ከፍያለሁ፣ አርፋለሁ» ማለት ሌላው ስህተት ነው፤ ይህን ስል ድካማችሁን አጥቼው አይደለም፣ ወላጅ ሲያስታምም የኖረ ሰው ማረፍ ይገባዋል። ስትጎበኙ ግን አበባ አስቀምጦ ከመሄድ ካልሲያቸውን አውልቁ። ተረከዛቸውን እዩ፣ ገላቸው ሲታጠብ ዳሌያቸውንና የወገባቸውን ታች እዩ። የቀላ ቦታ ካለ በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ ስትለቁት ገርጣ ብሎ ካልተመለሰ፣ እንደቀላ ከቀረ፣ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ዳስሱ። ራሳቸውን መገልበጥ የማይችሉ ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለባቸው፤ የተገላበጡበት ሰዓት የሚጻፍበትን ቅጽ አሳዩኝ በሉ። ክብደታቸውንም ጠይቁ፦ በአንድ ወር 5 በመቶ፣ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ ከቀነሱ «ዕድሜ ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ፣ ሐኪም ይያቸው።

የወላጃችሁን ሐሳብ ሳትሰሙ ከጀርባቸው አትወስኑ። መምረጥ ባይችሉ እንኳ የማይወዱትን ይነግሯችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ6 አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖሩበት አካባቢ አንድ ዓይነት በደል እንደሚደርስባቸው ይገልጻል። ስለዚህ «እዚህ አልወድም» ሲሉ «ይለምዱታል» ከማለታችሁ በፊት ብቻቸውን አግኝታችሁ «ምን ተደረገ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፣ እስኪጨርሱም ጠብቁ።

ሲገቡ መነጽራቸው፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው ላይ ስማቸው ይጻፍ፤ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። የመስሚያውን ባትሪ የሚቀይረው ማን እንደሆነም በስም ይነገራችሁ። ባትሪው አልቆ የማይሰሙ አዛውንት «መርሳት ጀምረዋል» ተብሎ ሲጻፍባቸው አይቻለሁ።